ሥራ የበዛበት ይናገር

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ በረቱ? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ደሜን የሚያፈላው ይህ ከየአገሩ የተለቃቀመ የሥራ ቡድናችን ነው እንጂ።

አለቃችን የሌላ አገር ሰው ናት። ሰኞ በመጣ ቁጥር "ሥራ የበዛበት ይናገር" ትላለች። አጠገቤ የሚቀመጠው ሎንጋው የአገሯ ልጅ፣ ዓይን ዓይኗን እያየ "አልችልም" ይልና ቦርሳውን አንግቶ ውልቅ! እኔ የእማዬ ልጅ፣ እማዬን የምታክል ሴት ፊት ቆሜ እንዴት "አልችልም" ልበል? አንገቴን ደፍቼ "ችግር የለም" እላለሁ። እሷ ደግሞ እውነት ይመስላታል! የሎንጋውም ሥራ ተጠራርጎ እኔ ላይ ይከመራል። አንቺ ብትሆኚ ገና ድምፄን ስትሰሚ "ምን ሆነሃል?" ትይኝ ነበር። እሷማ ባለፈው ጭራሽ "ከእሱ ተማሩ" ብላ አስጨበጨበችልኝ። እኔም እንደ ጅል ሳቅሁ።

መስመሬ ቢወላገድ አትፍረጂብኝ። ወንበሩ ነው መሰለኝ፣ ግራ ክንዴ ደንዝዞ ወረቀቱን አልይዝ ብሎኛል።

እማዬን ሳሚልኝ፤ የሥራውን ነገር ግን እንዳታነሺባት። ደግሞ ሳልረሳው፣ አባባ ያኔ ሥራ ቦታ ከመውደቃቸው በፊት የደነዘዘው የትኛው እጃቸው ነበር? እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው።

ደህና ሁኚልኝ።

ችግር የለም ባዩ ወንድምሽ