ሲመሽ የሚጣራው ኮምፒውተር

ሰኞ

ዛሬም ተጣራ። «ቤቶች! አባዬ፣ መድኃኒትህን ዋጥክ?»

«አቤት፣ ውጫለሁ» አልኩ። አልዋጥኩም ነበር። በሙት ማላገጥ ኃጢአት ይሆን? ታምራትን በሕይወት ሳለም እንዲህ ነበር የምሸውደው።

ልጄ ካረፈ ዓመት አልፎታል። ድምፁን የቀዳው ከሥራ እያመሸ ስለሚገባ ነው፤ ሲመሽ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲናገር አድርጎ አስተካከለው። ማጥፋቱን አላወቅኩበትም። አሁን ደግሞ አልፈልግም።

ጎረቤቴ ወይዘሮ አስካለ ደረጃው ላይ ያዙኝ። «ጋሼ፣ ሲመሽ ለሚጠራዎት ድምፅ አቤት አይበሉ! ይወስድዎታል።»

«አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ የሚወስደኝ ከተገኘ ጎበዝ ነው» አልኳቸው። አማተቡ። እኔም ቤት ገብቼ አማተብኩ።

ማክሰኞ

የታምራት ልጅ ሐና ከአቃቂ፣ በሰቃ ሰፈር መጣች። ሁሌም ሳይመሽ ትሄዳለች፤ የአባቷን ድምፅ መስማት አትችልም። ለአካውንቲንግ ትምህርቷ የሚሆን ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ ልትጭን ነው። ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ይሄ ሊኑክስ የሚሉት ነገር አንዱን ፕሮግራም ጫን ሲሉት ሌላውንም ላድስ ይላል። መሃል ላይ ቆመና ጠየቀ። ሐና አነበበችልኝ፦ «ይሄን የማስተካከያ ፋይል ሰው ነካክቶታል። ያለው ይቆይ ወይስ አዲሱን ላስገባ?»

«ምን ጥያቄ አለው፣ አዲሱን!» ክር ፋብሪካ መካኒክ ነበርኩ፤ አዲስ ዕቃ መጥቶ አሮጌውን የሚመርጥ አላየሁም።

«እርግጠኛ ነህ አባባ?»

«ለአሮጌ የምታዝኚ ከሆነ እኔ አለሁልሽ።»

ሳቀች። ተጫነ። ሄደች።

መሸ። ዝም።

ረቡዕ

ዝም። መድኃኒቴን ዋጥኩ፤ የሚጠይቀኝ ከሌለ መዋሸትም አያምርም። ዘፈን ከፍቼ ሞከርኩት፣ ድምፁ ይሠራል። በሩን በሩን ሳይ አመሸሁ።

ወይዘሮ አስካለ «ተመስገን፣ ለቀቀዎት» አሉኝ። ሰይጣን ቢሆን ኖሮ እንዲህ በቀላሉ ባልሄደ፣ አልኩ በሆዴ።

ሐሙስ

ሐና ጋ ደወልኩ። በቀልድ ልጀምር ብዬ «አባትሽ መጥራቱን ተወ» ከሚለው ጀመርኩ። ሰምታኝ ስታበቃ «ያን ፋይል የነካካው እኮ አባዬ ነው» አለች። ኮምፒውተሩ ሰዓት ጠብቆ የሚሠራው ሁሉ የሚጻፈው እዚያ ነው፤ የታምራትም ትእዛዝ እዚያው ነበር። በገዛ አፌ አስጠፋሁት። ልጄን ለሁለተኛ ጊዜ ቀበርኩት።

«እኛ ፋብሪካ አዲሱ ዕቃ እስኪሽከረከር አሮጌውን ሳጥን ውስጥ እናቆይ ነበር» አልኳት። «ይሄ ኮምፒውተር ግን ሳጥን እንኳ የለው።»

አቋረጠችኝ። «ቆይ። ነገ እመጣለሁ።»

ዓርብ

ከሰዓት መጣች። የፋይሎቹን ስም ስታይ ቆየችና ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። ከአዲሱ ፋይል ጎን ያው ስም፣ መጨረሻው ላይ በእንግሊዝኛ «አሮጌ» ተቀጥሎበት ተቀምጧል። ለካ ኮምፒውተሩ አሮጌውን አልጣለውም። መካኒክ ነው እኮ! የታምራትን መስመር ከዚያ ቀድታ መለሰችው።

«ሊመሽ ነው፣ ሚኒባስ ያመልጥሻል» አልኳት፤ የመሄጃ ሰበብ ልሰጣት።

አልተነሣችም። ቦርሳዋን አቅፋ ተቀመጠች። ቀልድ ጠፋኝ። ባይናገርስ? ቢናገርስ?

«ቤቶች!»

አፌን ከፈትኩ፤ ቀደመችኝ።

«አቤት አባዬ... ግባ።»

ውጭ የወይዘሮ አስካለ በር ሲዘጋ ሰማሁ። ሐና መድኃኒቴን ሰጠችኝ፤ እያየችኝ ዋጥኩ። ሶፋው ላይ ተኝታለች። በሩን ለምን ገርበብ አድርጌ እንደተውኩት እኔም አላውቅም።