የአያትሽ ምስክርነት

አዳማ፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ጂጂ፣

እንደምን ከረምሽ? ቦሎኛ ብርዱ ጀምሯል አሉ፤ ደረትሽን ሸፍኚ። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ይጠላል።

ጉዳይሽ አልተረሳም። የመኖሪያ ፈቃድሽ በሚያዝያ ያበቃል። የጣሊያን ዜግነት በአያት ካልተገኘልሽ ተመላሽ ነሽ። ስለዚህ ሥራዬ ብዬ ይዤዋለሁ። መቂ የተሰጠኝ የክርስትና ወረቀት አባቴ ቪቶሪዮ የሚባል የውኃ ሞተር መካኒክ ነው ይላል። መታወቂያዬ ደግሞ የአባቴን ስም ዲዳ ይላል፤ አያትሽን። ጠበቃሽ የፈለገው፣ ዲዳ አሳዳጊ እንጂ ወላጅ አለመሆናቸው በፍርድ ቤት እንዲረጋገጥ ነው።

መጀመሪያ መቂ፣ የእናቴ ወንድም አጎቴ ገመዳ ዘንድ ሄድኩ። ስወለድ ነበሩ። ሽንኩርት እያስጫኑ አገኘኋቸው።

«ዲዳ በጉዲፈቻ ሲወስድሽ ወይፈን ታርዷል፤ ጎሳው ምሏል» አሉኝ። «ከዚያ ወዲያ የማን ልጅ ናት ብሎ ማውራት ነውር ነው። እሱ በሕይወት እያለ አፌን አልከፍትም።»

«ለጂጂ ነው እኮ፣ አጎቴ።»

«ለሷም ስል ነው። ነገ እሷስ የማን ልጅ ልትባል ነው?»

ለአያቴ እንዳትነግሪ ብለሽኝ ነበር። ነገርኳቸው። ሌላ መንገድ አልነበረም። ዓለም ጤና ከተማ፣ በራቸው ላይ ተቀምጠው ሰሙኝ።

«ጣሊያን መሆንሽን አሁን ነው የደረሱበት? እኔ ከዚህ ፀጉርሽ ጋር ስታገል ነው ያሳደግኩሽ» አሉ።

ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ «ምን በል ነው የሚሉኝ?» አሉ።

«አልወለድኳትም ይበሉ።»

ማክሰኞ በሚኒባስ አዳማ ፍርድ ቤት መጡ፤ ኮታቸውን ለብሰዋል። ዳኛዋ እንደ ደንቡ አስቀድማ ዝምድናቸውን ጠየቀች።

«አባቷ ነኝ።»

«አባባ፣ አባቷ አይደለሁም ሊሉ አይደል የመጡት?»

«አልወለድኳትም። የወለዳት ቪቶሪዮ ነው፤ ሞተሬን ይጠግንልኝ ነበር። አባቷ ግን እኔ ነኝ።»

«ሁለቱ እንዴት አብረው ይሄዳሉ?»

«አንቺ በኦሮሞ አገር ዳኛ ሆነሽ ይሄን ትጠይቂኛለሽ?»

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛዋም አቀርቅራ ጻፈች። ወላጅ አባት ቪቶሪዮ፣ የጉዲፈቻ አባት ዲዳ ተብሎ ተወስኗል። ተተርጉሞ ውጭ ጉዳይ ማኅተም እንደመታበት ይላክልሻል።

ባጃጅ ውስጥ አያትሽ «ገመዳ ሰምቶ ይሆን?» አሉ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ሚኒባሱ ሲነሳ ወደ መስኮቱ አልዞሩም። ስልካቸውን እስከ ዛሬ ልጃቸው ገርባ ነው የሚያነሳልኝ፤ «ተኝተዋል» ይለኛል።

ጠበቃሽ አሁን ደግሞ ነገሩ እንዲፈጥን በመታወቂያዬ ላይ የአባቴን ስም ወደ ቪቶሪዮ እንዳስለውጥ ጠይቋል። ጂጂ፣ ለአንቺ የማልሄድበት ቢሮ የለም። ደሜን መርምረን እንይ ቢሉም እሰጣለሁ። ይህን ግን አላደርገውም። በክርስትና ወረቀቱም በመታወቂያውም ላይ ያለችው እኔው አንዷ ነኝ የሚል ማስረጃ ከፍርድ ቤት አወጣለሁ። እምቢ ካሉ ይግባኝ እላለሁ፤ ቢዘገይም ይዘግይ። ይህን ቃል በቃል ንገሪው።

ነገ ጠዋት ዓለም ጤና ልሄድ ነው። ተኝተዋል ቢሉኝም እስኪነቁ በር ላይ እቀመጣለሁ።

የያዝሽው ይቅናሽ፤ የሰው አገር ደጅ አይክበድሽ።

እናትሽ
ዲንቄ ዲዳ