አምስት ሰከንድ ዝምታ

ሰኞ፣ ጥር 4
ለዓይነ ስውራን ቤተ መጻሕፍት አዲስ መጽሐፍ እያነበብኩ ማስቀረፅ ጀመርኩ። የእንግሊዝኛ ግጥሞች ትርጉም። ጉም፣ ሐይቅ፣ ሞተው የሚጣሩ ሰዎች... ደስ ይላሉ፣ ትንሽ ያስፈራሉ። እንደ ወትሮው ከየስንኙ በኋላ አምስት ሰከንድ ዝም እላለሁ፤ አድማጮቹ እየደገሙ በቃላቸው እንዲይዙት። በጣቴ እየቆጠርኩ። ጉሮሮዬን ከረከረኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 6
ድምፅ ቀራጩ ማዳመጫውን ሰጠኝና፣ "ማን ነበረ አብሮሽ?" አለኝ። ማንም! የመቅረጫ ክፍሏ እንኳን ለሁለት ሰው ለእኔም ጠባብ ናት።
ሰማሁት። "ከሐይቁ ማዶ ማን ይጣራል" ብዬ ዝም ስል አንዲት ሴት ትደግመዋለች። መሃል ላይ ትንፋሽ ያጥራታል። ይህን አስም እንዴት አጣዋለሁ? እታለም ናት። ታላቅ እህቴ። ከሞተች ዓመት ከሁለት ወር።
ለሰውየው፣ ከውጭ የገባ ድምፅ ይሆናል አልኩት።

ዓርብ፣ ጥር 8
ለማንም ያልተናገርኩት። እታለም የእናታችንን የስፌት መኪና ሳታማክረኝ ለጎረቤት ሰጠችው። ክፉኛ አኮረፍኳት። በሞተችበት ቀን ጠዋት ሦስት ጊዜ ደወለች። ስልኩን እያየሁ አላነሳሁም። ትንሽ ትለማመጠኝ ብዬ...
ምን ልትለኝ ነበር?

ቅዳሜ፣ ጥር 9
ያነበብኩትን ትደግማለች እንጂ የራሷን ቃል አትናገርም።

ሰኞ፣ ጥር 11
ድምፅ ቀራጩ ነገ በዝምታዎቹ መሃል የገባውን ድምፅ ሊያጠፋው ነው። አድማጭ ይደነግጣል አለ። ምን ብዬ ልከራከረው?
የቀረኝ አንድ ግጥም ነበር። አንብቤ ስጨርስ፣ መጽሐፉ ላይ የሌለ አንድ መስመር ጨመርኩ። "ይቅር በይኝ።" አምስት ቆጠርኩ።

ማክሰኞ፣ ጥር 12
ሰውየው ከማጥፋቱ በፊት ጠራኝ። መጨረሻውን አልነካሁትም፣ ራስሽ ስሚው ብሎኝ ወጣ።
ደጋግሜ ሰማሁት። "ይቅር በይኝ" ሁለት ጊዜ ይሰማል። አንዱ የእኔ ድምፅ፣ አንዱ የእሷ። ግን የእኔ ኋላ ነው። መጀመሪያ እሷ ትላለች፣ ትንፋሽ እያጠራት። ከዚያ አምስት ሰከንድ ዝምታ። ከዚያ እኔ እደግማለሁ።