መውጫ የሌለው ንፋስ

ሚያዝያ 9 ቀን 1987፣ አሰብ

ፕላኑን ቤት አምጥቼ ስሠራ ዋልኩ። ግማሽ ደርሷል። በመሐንዲስነት የምሠራበት የወደብ ድርጅት ለሠራተኞቹ የሚሠራቸው የሁለተኛው ዙር ቤቶች... ስድሳ ናቸው፤ እኛ ከምንኖርበት ሰፈር አጠገብ፣ ባዶው ሜዳ ላይ።

ከሰዓት ሰርካለም ልጇን ታቅፋ መጣች። አጥር ነው የሚለየን። ባሏ ጫኔ ከባድ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ስለሚመላለስ አብዛኛውን ጊዜ ብቻዋን ናት። ሕፃኗ ብርቅዬ በቅርቡ ነው ክርስትና የተነሳችው። ያነሳኋት እኔ ነኝ። እስካሁን አልለመድኩትም... ሳልወልድ እናት።

ሰርካለም ፕላኑን ጎንበስ ብላ አየች።

«አበልጄ፣ ይሄ ሁሉ ቀዳዳ ምንድነው?»

«መስኮት ነዋ።»

«በዚህም በዚያም?»

«ንፋሱ በዚህ ገብቶ በዚያ እንዲወጣ።»

«ኤርኮንዲሽን አይገባላቸውም እንዴ? ምስኪኖች!»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ሚያዝያ 20

ፕላኑ ውድቅ ሆነ። አቶ ወልደሚካኤል፣ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ፣ ክፉ ሰው አይደሉም። በትሕትና ነው የነገሩኝ።

«ወይዘሮ ትሩፋት፣ ይሄ እኮ የድሮ ቤት ነው። ሠራተኛው የሚፈልገው ዘመናዊ ቤት ነው።»

አስረዳሁ። እዚህ በብርዱ ወራት ንፋሱ ከደቡብ ነው፣ በሙቀቱ ከሰሜን ምዕራብ። ቤቱ ለሁለቱም መግቢያና መውጫ ይስጥ። ግድግዳው ይወፍር፣ ጣሪያው ድርብ ይሁን፣ ዙሪያውን በረንዳ ያጥላው። የቆመበትን አገር አየር የማያውቅ ቤት ምን ዘመናዊነት አለው? ኤርኮንዲሽኑን የሚያሠራው ጄኔሬተር ቢቆምስ?

«አይቆምማ!» አሉ።

እንደ መጀመሪያው ዙር ይሁን ተባለ። ማለት እንደኛ ቤት። ስስ ብሎኬት፣ ከፊት ለፊት አንዲት የማትከፈት መስታወት፣ የኋላው ግድግዳ ድፍን። ቅዝቃዜው እንዳያመልጥ።

በዛብህ «ደመወዝሽን ተቀበይና ዝም በይ» አለኝ። ባሌ የዚሁ ድርጅት የክሬን መካኒክ ነው። ሁለታችንም እንጀራችን ከአንድ ሰው እጅ ነው... አውቃለሁ።

ግንቦት 3

ውጭው ነዷል። ቤት ውስጥ ግን ነጠላ ደርቤ ነው የምጽፈው። ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል። ይመቻል... ምን ልዋሽ?

ሰኔ 6

የሰፈሩ ጄኔሬተር ቆመ። ሁልጊዜ ያለው ድምፅ ድንገት ሲጠፋ ሰው ሁሉ ደጅ ወጣ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግድግዳው እጅ አያስነካም ነበር።

ሌሊቱስ ግቢ ተተኝቶ ይታለፋል። ቀኑ ነው እንጂ! ዛፍ የለ፣ ጥላ የለ። ሸራ ወጠርን፤ የከሰዓቱ አሸዋማ ንፋስ ቀደደው። ውስጥ ምድጃ፣ ውጭ ፀሐይ።

ሰኔ 9

መለዋወጫው ከውጭ ይመጣል ተባለ። መቼ? «በቅርቡ።»

በዛብህ መስታወታችንን ሰበረው። ምንም። ከአንድ ወገን ብቻ ተከፍቶ ንፋስ አይገባም። መውጫ ሲያጣ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይቀራል። የኋላው ግድግዳ መከፈት አለበት። ለአንድ ቤት ሁለት ሰውና አንድ መዶሻ ይበቃል።

አቶ ወልደሚካኤል ዘንድ ሄድኩ።

«የድርጅቱ ንብረት ነው። እኔም ሳላስፈቅድ አንድ ብሎኬት ማፍረስ አልችልም። ትንሽ ታገሡ።»

የሳቸው ቤት ከተማው ውስጥ ነው። መብራት አለው።

በዛብህን ለመንኩት። «ያባርሩኛል። ከዚያ የት እንገባለን?» አለ።

ሰኔ 11

ብርቅዬ ጡት እምቢ አለች። ማልቀስም ትታለች፤ ዝም ብላ ታያለች። ሰርካለም እርጥብ ጨርቅ ታደርግባታለች፤ ጨርቁ ወዲያው ይደርቃል።

«ሐኪም ቤት ወስጃት ነበር፤ ውሃ ስጫት፣ ቀዝቃዛ ቦታ አቆያት አሉኝ። ቀዝቃዛ ቦታ የት ነው አበልጄ?»

አቶ ወልደሚካኤል ቤት እንዲያስጠጓቸው ነገ በጠዋት እለምናቸዋለሁ። ባለቤታቸው ደግ ሴት ናት። እሺ ማለታቸው አይቀርም...

ሰኔ 12

ብርቅዬ ሞተች።

ሰኔ 13

ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

ትናንት ጠዋት ቢሮ ስሄድ አቶ ወልደሚካኤል ወደብ ወርደዋል አሉኝ። ጠበቅኳቸው። እስከ እኩለ ቀን ጠበቅኳቸው። ሲመጡ ገና ሳልጨርስ «አምጫት እንጂ! ይሄ ይጠየቃል?» አሉ። መኪናቸውን ከነሾፌሩ ሰጡኝ።

ስደርስ ሰርካለም ወለሉ ላይ ተቀምጣ ልጇን ታቅፋለች። ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ዝም በይ አለችኝ።

«አሁን ገና ተኛችልኝ።»

ሕፃኗን ነካኋት። ለሰርካለም ምን ብዬ ነገርኳት? አላስታውስም። ጩኸቷን ብቻ...

ዛሬ ቀበርናት። ከቀብር መልስ በዛብህ ማንንም ሳያናግር መዶሻ ይዞ የሰርካለም ቤት ጀርባ ዞረ። ይመታ ጀመር። እያለቀሰ ነው የሚመታው። ማንም አልከለከለውም። ብሎኬቱ ተሰብሮ ሲወድቅ ንፋሱ ቤቱን አቋርጦ አለፈ፤ የለቀስተኞቹ ነጠላ ተነሳ።

ሰርካለም ቀና አለች።

«አሁን? አሁን ነው የሚገባው?»

ሰኔ 16

ሰፈሩ በሙሉ ግድግዳውን እየከፈተ ነው። እኔ በከሰል ምልክት አደርጋለሁ፣ እነሱ ይመታሉ። ቤቱ ቀዘቀዘ አልልም። ግን ሰው ይቀመጥበታል፤ ሕፃን ይተኛበታል።

አቶ ወልደሚካኤል ለቅሶ ደረሱ። ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ሲወጡ ቀዳዳዎቹን አዩ። አይተው ወደ መኪናቸው ገቡ።

ሰኔ 19

ጫኔ ገባ። መርዶውን የነገሩት መንገድ ላይ፣ ሚሌ ነው። ከዚያ እስከዚህ እንዴት እንደነዳ አይታወቅም።

በማንም አልጮኸም፤ ወደኔ ብቻ መጣ።

«ይሄ ቤት ሰው እንደሚገድል ታውቂ ነበር አይደል?»

«አውቅ ነበር።»

ሌላ ምን ይባላል? ለአለቃ ነግሬ ነበር ልበለው? ሰርካለምን ይዞ ደሴ፣ እናቷ ዘንድ ሄደ። መኪናው ላይ ስትወጣ አላየችኝም።

ሐምሌ 8

ጄኔሬተሩ ተነሳ። ሰው አጨበጨበ።

ሐምሌ 14

ቀዳዳዎቹን እየደፈኗቸው ነው። ማንም ሳያዛቸው! አሸዋ ይገባል፣ ቁራ ይገባል፣ ቅዝቃዜው ይወጣል ይላሉ። እውነት ነው፤ ሁሉም ይሆናል። ያንን ሙቀት ያየ ሰው ቅዝቃዜ ሲያገኝ ቢስገበገብ እንዴት እፈርዳለሁ?

ግን የረሱት በስንት ቀኑ ነው...

በዛብህ የኛን አልደፈነም።

ነሐሴ 2

የሁለተኛው ዙር ፕላን ጠረጴዛዬ ላይ ቀረበ። ሌላ ሰው ነው የሠራው። ያው ድፍን ግድግዳ፣ ያቺው መስታወት። የኔ ፊርማ ብቻ ቀርቷል።

«አልፈርምም» አልኩ።

«ሐዘን ላይ ነሽ፤ ይገባኛል» አሉ አቶ ወልደሚካኤል። «ግን የተፈቀደው ይሄ ነው።»

«ሕፃን ሞታለች እኮ፣ ጌታዬ።»

ዓይናቸው ቀላ።

«አንቺ ባትፈርሚ ሌላ ይፈርማል። ቤቶቹ መሠራታቸው አይቀርም።»

አይቀርም። እሱስ እውነታቸውን ነው። ሥራዬን ለቅቄ ወጣሁ። ለበዛብህ ስነግረው አልተቆጣም። ሻይ አፍልቶ አቀረበልኝ... በተጋባን ጊዜ ሁሉ አድርጎት አያውቅም።

መስከረም 20

መሠረቱ ተቆፈረ። ቤቱ የሚደርሳቸው ሰዎች ከነልጆቻቸው መጥተው ያያሉ። ደስ ብሏቸዋል። ሄጄ ልንገራቸው? አንዷን ነገርኳት። «ግን ኤርኮንዲሽን አለው አይደል?» አለችኝ።

ጥቅምት 17

ትናንት ጫኔ በር አንኳኳ። ሰርካለም ከኋላው። ከስታለች፤ ፀጉሯን ተላጭታለች። እኔና እሷ ተቃቅፈን ቆምን።

«እዚያ ቤት አልገባም አለች» አለ ጫኔ፣ መሬት መሬት እያየ። «ከተማው ዳር ቦታ አግኝቻለሁ። አንድ ክፍል ይበቃናል። አንቺ ትሠሪልናለሽ ወይ፣ አበልጄ?»

ደሴ ለምን አልቀራችሁም አልኩ።

«መቃብሯ እዚህ ነው» አለች ሰርካለም።

ዛሬ አራታችንም ሄድን። ድንጋያማ መሬት ነው፤ ባሕሩ ይታያል። ችካል መታን፣ ሲባጎ ወጠርን። ሰርካለም ሲባጎውን ተሻግራ መሐል ላይ ቆመች። ደስ የሚል ንፋስ ነበር፣ የደቡቡ። ዓይኗን ጨፍና ቆየች።

«ሰኔ ላይስ? ሰኔ ላይ ከየት ነው የሚመጣው?»

በእጄ አሳየኋት። ሄዳ በዚያ በኩል መስኮት ብዬ የለየሁበትን ችካል ነቀለችው። የመስኮቱ ስፋት እጥፍ እስኪሆን ራቅ አድርጋ ተከለችው። ጫኔ «በዛ እኮ» ሊላት አፉን ሲከፍት በዛብህ ክንዱን ያዘው። ድንጋይ አንስታ ችካሉን መታችው፤ ደግማ፣ ደጋግማ። ቀና ስትል መዳፏ ደምቷል።

ቀሚሷ ላይ ጠረገችው።

«እሺ» አለችኝ። «ቀጥይ።»