መቀሱን የያዘው እጅ

ለምወድሽ ልጄ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራው አልከበደሽም? ያ ደረቅ ሳልሽስ ለቀቀሽ? እኔ ጉልበቴ አልታዘዝ ከማለቱ በስተቀር፣ ፈጣሪዬ ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ናፍቆቱን አልጽፍልሽም፤ ጀምሬው ሌላውን ሳልነግርሽ እንዳልቀር።

ያለፈው ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አንዲት ገጽ ናት፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ግን አንብቤ አልጨረስኳትም። «አባዬ፣ ጥቅስ አትላክልኝ። እናቴ በእግዚአብሔር ተማምና ሐኪም ቤት አልሄድም አለች፤ እሱ ደግሞ ስትሞት ዝም ብሎ አያት። እንዲህ ያለ አምላክ ካለም እኔና እሱ አንተዋወቅም» ብለሻል።

መልሱን ወዲያው ጀምሬው ነበር። ስምንተኛ ክፍልን ባልጨርስም መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አገላብጫለሁ፤ ክርክር አይጠፋኝም። ዓለም ሲፈጠር መልካም እንደነበረ፣ ሞት በሰው አመፅ የገባ ጠላት እንደሆነ፣ ጌታ ራሱ በወዳጁ መቃብር ፊት እንዳለቀሰ ስጽፍ አራት ገጽ ሞላ። ሁሉም እውነት ነው፤ ዛሬም አምነዋለሁ። ግን ደግሜ ሳነበው የሆነ ቦታ ላይ ስፌቱ ይተረተርብኛል። ቀደድኩት።

ባለፈው ማክሰኞ ያ ቀልደኛ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ረጅሙ፣ ሱሪውን ሊወስድ መጣ። ለክቶት ከመጋረጃው ብቅ ሲል ቁርጭምጭሚቱ ከነካልሲው ውጭ ቀርቷል። የእሱን ልክ ወስጄ በሌላ ሰው ልክ ቆርጬበታለሁ። አፌ እንደለመደው «ምን ይደረግ ወንድሜ፣ እንዲህ ሆነ፤ ለበጎ ነው» አልኩት። ሰውየው በመስታወቱ እግሩን እያየ «አይ አለቃ! ይቺንም በእግዚአብሔር ልታላክክ ነው? መቀሱን የያዝከው አንተ!» አለኝ። ቀሚስ ሊያስጠብቡ የመጡ ሁለት ሴቶች በሳቅ ፈነዱ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሲሄዱ በጠራራ ፀሐይ ሱቁን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

ልጄ፣ እናትሽ የታመመች ሰሞን የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ሲጸልዩላት ሕመሙ አሥር ቀን ያህል ተወት አደረጋት። እኔ በእሑዱ በጉባኤው ፊት ቆሜ «ባለቤቴ ፈጽማ ድናለች» ብዬ መሰከርኩ። ጭብጨባውን ታስታውሺዋለሽ፤ ከፊት ወንበር ነበርሽ። ሰው ሁሉ እጄን ጨበጠኝ። እንደዚያ ቀን ተከብሬ አላውቅም።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሕመሙ ተመለሰ። አንቺ ሥራ ላይ ሳለሽ የክሊኒኩ ነርስ ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሚያስገባ ወረቀት ጻፈችላት፤ ቀን ቆረጠችላት። እናትሽ ወረቀቱን ለእኔ ሰጠችኝ። እኔ የስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ፣ ከክሮቹ ሥር አስቀመጥኩት።

ቀኑ ሲደርስ ጫማዋን አድርጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። «አንሄድም እንዴ?» አለችኝ። «ሰው ምን ይለኛል? ድናለች ብዬ በጉባኤው ፊት መስክሬ!» አልኳት። አየችኝ፣ አየችኝና ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ፈታች። «እሺ፣ አንተ እንዳልክ» አለች።

አንቺ በኋላ መጥተሽ «እማዬ፣ በናትሽ ሐኪም ቤት እንሂድ» እያልሽ እጇን ስትጎትቺ፣ «አልሄድም፣ ጌታዬ ይበቃኛል» ስትልሽ፣ እኔ በሩ ጋ ቆሜ እሰማ ነበር።

አላውቅም ነበር አልልሽም። ሉቃስ ሐኪም እንደነበረ፣ ሐዋርያውም እንደሚወደው፣ ለሰንበት ተማሪዎች ያስተማርኩት እኔው ነኝ።

ስለዚህ ስለ እምነታችን የምሟገትልሽ በሌላ መንገድ ነው። አዳም ጥፋቱን ሲጠየቅ በሴቲቱ አሳበበ፤ ጥፋቱንም እሷን በሰጠው በፈጣሪው ላይ ወረወረው። እዚያ ቦታ ስደርስ ሁልጊዜ እስቅበት ነበር። አንቺ እግዚአብሔርን ስትከሺ አምስት ዓመት ሙሉ አፌን የያዝኩት፣ ብሶብኝም «ፈቃዱ ነው» እያልኩ ያጽናናሁሽ እኔስ ማን ሆኜ ነው? መጽሐፉ ስለ ሰው የሚለው እውነት ለመሆኑ ሌላ ማስረጃ አልፈልግልሽም፤ እኔ እበቃለሁ።

አዳም ለራሱ የሰፋው የቅጠል ልብስ ነው። በሙያዬ ልንገርሽ፣ ቅጠል ክር አይዝም። እግዚአብሔር አይቶ አልሳቀበትም፤ የቁርበት ልብስ አለበሰው። ቁርበት ደግሞ የሆነ ነገር ካልሞተ አይገኝም። ይህን ለብዙ ሰው አስተምሬያለሁ፤ በገዛ ቤቴ ውስጥ ግን ማን እንዳለበሰኝ አላየሁም። «ጌታዬ ይበቃኛል» ያለችሽ የማንን ነውር ልትሸፍን እንደሆነ አሁን ይገባሻል።

የነርሷን ወረቀት ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ጠርዙ የተቆረጠው ሳላውቅ የኪስ ልክ አውጥቼበት ነው፤ ቀኑ ግን ይነበባል። በእግዚአብሔር ላይ ከያዝሽው ክስ ስሙን ሰርዘሽ የእኔን ጻፊበት። ወደ እሱ ተመለሽ አልልሽም፤ ይህን የምልበት አፍ የለኝም። በስሙ የሰጠሁትን የሐሰት ቃል ግን ልመልስ ነው። እሑድ እዚያው በቆምኩበት ቦታ ቆሜ እናገራለሁ። ከጉባኤው በፊት አንቺ መስማት ነበረብሽ።

የእናትሽ አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ። እጅሽ የነካውን ይባርክልሽ፤ መውጫ መግቢያሽን ይጠብቅልሽ። ያ ሳልሽ ካልለቀቀሽ ደግሞ፣ ልጄ፣ ነገ ዛሬ አትበይ፤ ሐኪም ይይልሽ።

አሁንም ከፈቀድሽ፣
አባትሽ