ባዶው አሥራ ሁለተኛ ረድፍ

ውድ ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ ልጅዎ ብታነብልዎትም እስከ ምሳ ሰዓት በልብዎ እንደማይቆይ አውቃለሁ። ግን ለሌላ ለማን ልጽፈው? በደሉም ይቅርታውም በእኛ በሁለታችን መካከል ነው ያለው።

ቢሮዎ መጀመሪያ የገባሁ ዕለት ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከበሩ ጀርባ የተከመረው ወረቀት በሩን አላስከፍት ብሎኝ ስታገል፣ «በጎን ግቢ፤ ቀጭን ስለሆንሽ እኮ ነው የመረጥኩሽ» አሉኝ። ያኔም ዓይንዎ መድከም ጀምሮ ነበርና አርባ አንዱን ጋላክሲዎች እንድለካ ለእኔ ሰጡኝ። ብርሃናቸው እኛ ዘንድ ለመድረስ ከአሥር ቢሊዮን ዓመት በላይ የተጓዘ፣ ስለዚህም በልጅነታቸው የምናያቸው፣ በምስሉ ላይ ግን ከነጥብ የማይበልጡ ቀያይ ነገሮች ነበሩ። ጋላክሲ የሚቀላው ወይ ኮከቦቹ አርጅተው አዲስ መውለድ ሲያቆም ነው፣ ወይ ወጣቶቹን ኮከቦች አቧራ ሲሸፍናቸው። የትኛው ነው? ዕድሜዎን የፈጁት በዚህች ጥያቄ ነበር።

ስምንት ወር ለካሁ። «አብዛኞቹ ሞተዋል ጋሼ፤ ኮከብ መውለድ አቁመዋል» ስልዎት ወንበርዎን ገፍተው ተነሡ።

«ገና በልጅነታቸው?»

«ገና በልጅነታቸው።»

ሰንጠረዡን ልየው አላሉም። «አንቺ አይተሽዋል አይደል? በቃ።» ያቺ «በቃ» ናት እስከ ዛሬ አንጀቴን የምትበላው።

ጽሑፋችን ወጣ፣ ስማችን አብሮ ተጠራ። ሌሎች በእሱ ላይ ተመሥርተው ብዙ ጻፉ። እኔም በእሱ መምህርት ሆንኩ፤ ጋላክሲዎች ለምን በልጅነታቸው ይሞታሉ እያልኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አስተማርኩ።

ከአራት ወር በፊት አንድ የማላውቀው ተመራማሪ በአዲስ ቴሌስኮፕ እነዚያኑ ጋላክሲዎች አይቶ ጻፈልኝ። «ቁጥሬ ከእናንተ አልገጥም ብሎኛል፤ ስህተቱ የኔ ሳይሆን አይቀርም» ይላል በትሕትና። የድሮውን ፋይል ከፈትኩ። የአቧራውን መጠን በመዘገብኩበት ሰንጠረዥ ላይ አሥራ ሁለተኛው ረድፍ ባዶ ነበር፤ ቆይቼ እሞላዋለሁ ብዬ የተውኩት። የኮምፒውተር ፕሮግራሜ እዚያ ሲደርስ ሰንጠረዡ ያለቀ መስሎት ቆሟል። ከዚያ በታች ያሉትን ሁሉ አቧራ የሌላቸው አድርጎ ቆጥሯቸዋል። ሦስት ቀን ደጋግሜ አሰላሁ። ሞቱ ካልናቸው ሃያ ስድስቱ በአቧራው ሥር ኮከብ ይወልዳሉ።

ልነግርዎት መጣሁ። መርሳትዎን ልጅዎ በስልክ ነግራኝ ነበር፤ እንዲህ መሆኑን ግን አላወቅኩም። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ለአስታማሚዋ፣ «የሞቱትን ጋላክሲዎች ያየችልኝ ይህች ናት!» ብለው አስተዋወቁኝ። አስታማሚዋ ሳቀች። «እሱንማ በየቀኑ እሰማለሁ» አለችኝ።

ያኔ ዝም ማለት ነበረብኝ ይሆን? አልቻልኩም፤ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

«እና አልሞቱም?»

«አልሞቱም ጋሼ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሰው አሳስተናላ!»

«አሳስተናል» ነው ያሉት። «አሳስተሻል» ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር። ወረቀት አስመጡ። «ዛሬውኑ እናርመው፤ ስሜን እንዳትሰርዢ፣ እኔም ማየት ነበረብኝ» አሉ። እስክሪብቶው ከእጅዎ እየወደቀ ሁለት መስመር ጻፉ፤ ከዚያ አለቀሱ። እኔም ጉልበትዎ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ራሴን ዳበሱኝና፣ «ተይ ልጄ፣ ሳይሳሳት ያረጀ የለም» አሉኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

በማግስቱ ተመልሼ ስመጣ ፈገግ ብለው፣ «የሞቱትን ጋላክሲዎች ያየችልኝ ይህች ናት!» አሉ።

ልጅዎ ወጥ ቤት ወሰደችኝ። «ድጋሚ እንዳትነግሪው፣ በእናትሽ። ትናንት እኮ ለምን እንዳለቀሰ ሳያውቅ እስኪመሽ አለቀሰ።»

እውነቱን ብነግርዎት በየቀኑ እንደ አዲስ ይሰበራሉ። ካልነገርኩዎት ደግሞ በየቀኑ ስዋሽዎት ልኖር ነው። ይቅር ብለውኛል፤ ይቅር ማለትዎን ግን አያውቁትም። ይህን ለማን ይነግሩታል ጋሼ? ድሮ ሲቸግረኝ እርስዎ ጋ ነበር የምመጣው።

እርማቱ የፊታችን ሐሙስ ይወጣል፤ እንዳሉት በሁለታችን ስም። በእርስዎ ፈንታ የፈረመችው ልጅዎ ናት። መጽሔቱ ቤት ሲደርስ እንድትደብቀው ተስማምተናል፤ ከእርስዎ ወረቀት እንደብቃለን ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም።

እሑድ እመጣለሁ። ታሪኩን ከሀ ጀምረው ይነግሩኛል፤ መቼም አይቀርልኝም። እኔም አጠገብዎ ተቀምጬ «እሺ ጋሼ፣ ከዚያስ?» እላለሁ። ሌላ የማደርገው ነገር ጠፍቶኛል።

ተማሪዎ