ጳጉሜን አምስት በሕይወት ነበርህ

ውድ ባለቤቴ፣

በሰው ፊት «አንቱ» ስልህ ኖሬአለሁ። አሁን የሚሰማን ስለሌለ «አንተ» እልሃለሁ። ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ነው፤ ዛሬ ጳጉሜን አምስት ሲሆን ነገ ማቴዎስ አልፎ ማርቆስ ይገባል።

የቤቱን ነገር ልንገርህ። የጓሮው ቤት ጣሪያ ያፈስሳል። አሜሪካዊው ተከራያችን አገሩ ገብቷል፤ በምትኩ የመጣ የለም። እናቱ ከአላባማ የላከችለት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ግን አንተ በመታኸው ምስማር ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። በየቀኑ ሥር በግዛታቸው በዚያ ዕለት የሆነው ተጽፏል፤ ባቡር የገባበት፣ ወንዝ የሞላበት፣ አገረ ገዥ የተወለደበት። አንተም እየተረጎምህ ባንዲራ ሲሰቀል ለተማሪዎችህ ታነብላቸው ነበር። የቡታጅራ ልጆች በመንገድ ሲያገኙህ «ጋሼ፣ ዛሬ አላባማ ምን ሆነች?» ይሉህ ነበር፤ እንደ ጎረቤት መንደር።

ሴፕቴምበር አሥራ አምስት ላይ ስትደርስ ቦታው ባዶ ሆነብህ። በዚያ ቀን በቤተ ክርስቲያን በፈነዳ ቦምብ አራት ጥቁር ልጃገረዶች መሞታቸውን ከጥቂት ዓመታት በፊት በሬዲዮ ሰምተን ነበር። የእኛዎቹ ልጆች አደይ አበባ ይዘው በየደጁ በሚዘፍኑበት ሰሞን ስለነበር አልረሳነውም። ተከራያችንን ለምን እንዳልተጻፈ ጠየቅኸው። ፊቱ ቀላ፤ «ጋሼ፣ እኛ ቤት ይህን ማንም አያነሣም» አለህ። አንተም ብዕርህን አንሥተህ በአማርኛ ጻፍህበት፤ ለልጆቹም አነበብህላቸው።

እዚያ ላይ ብታቆም ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍልህም ነበር። በበልጉ ዝናብ ባለርስቱ አንድ የመስቃን ገበሬ ከነቤተሰቡ ከመሬቱ አስነሣ። ተማሪህ ነፊሳ፣ የገበሬው ልጅ፣ መንገድ ዳር ብርድ መትቷት ሞተች። አንተም ባንዲራው ሥር ቆመህ ስሟን ጠርተህ ለምን እንደሞተች ተናገርህ። ሳትወጣ እጅህን ይዤ ለምኜህ ነበር፤ «የሰው አገር ባዶ ቀን ሞልቼ የደጄን ልዝለለው?» አልኸኝ። መንግሥትን በልጆች ፊት አማ ተብለህ ታሰርህ። ከወህኒ ስትመለስ ደረትህ የሰው ደረት አልነበረም።

ከወንድምህ ጋር ተኳርፈናል፤ ምክንያቱ የሙት ዓመትህ ቀን ነው። የሞትኸው በዘመነ ሉቃስ፣ ጳጉሜን ስድስት ነው። ይህች ቀን በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ትመጣለች፤ አባቴ ባሕረ ሐሳብን በአለንጋ ያስተማረኝ እሷን እንዳልስት ይመስላል። የአላባማ ልጆች ባዶ ቦታ ነበራቸው፤ አንተ ግን በእኛ መቁጠሪያ ባዶ ቦታ እንኳ የለህም። ወንድምህ ሙት ዓመትህ ዛሬ ይዋል አለ። እምቢ ብለው «እትዬ፣ ለአንዲት ቀን እንዲህ ይሆናል እንዴ!» አለኝ።

ይሆናል። ጳጉሜን አምስት አንተ በሕይወት ነበርህ። ትራስህን አቀናሁልህ፤ ሾርባ ጠየቅኸኝ፤ ቀምሰህ ጨው አነሰው ብለህ መለስህልኝ። እኔ አላነሰውም አልሁ። ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው በዕለቱ ሞተ ብዬ ድግስ አልደግስም። ነገም ዕንቁጣጣሽ ነው፤ ማንም ለቅሶ አይሰማም።

ስለዚህ ሉቃስ እስኪመጣ ድረስ ቀንህን ከእነዚያ አራት ልጆች ቀን ጋር አድርጌዋለሁ። ሴፕቴምበር አሥራ አምስት ነገ በሚገባው ዓመት መስከረም አምስት ላይ ይውላል፤ አስልቼዋለሁ። የነፊሳ አባት ባለፈው ዓመትም ሳልጠራው መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ አሁንም «ኢንሻአላህ እመጣለሁ» ብሎኛል። የአራቱን ስም ስለማላውቅ ቄሱ «ጌታ ሆይ፣ ስማቸውን አንተ የምታውቅላቸው» ብለው ይጠሯቸዋል። ከዚያ ነፊሳ፤ ከዚያ አንተ።

ዕድሜ ከሰጠኝ በራሷ ቀን፣ በጳጉሜን ስድስት አስብሃለሁ። ካልሰጠኝ እኔው እመጣለሁ፤ የሾርባውንም ነገር እዚያው እንጨርሰዋለን። ጨው አላነሰውም ነበር።

ሚስትህ